ለኦሃዮ መሬት የተዋደቁበት መንገድ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን 1753 አንድ የ21 ዓመት ሻለቃ ከቨርጂኒያ ዋና ከተማ ከዊልያምስበርግ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቀና። ስሙ ጆርጅ ዋሽንግተን ይባላል። የያዘው የአገረ ገዥውን የሮበርት ዲንዊዲን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ባጭሩ ፈረንሳዮች የኦሃዮን ሸለቆ ለቅቀው እንዲወጡ ያዛል፤ ምክንያቱ ደግሞ መሬቱ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው የሚል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ደብዳቤው የንጉሡን ስም ይጥራ እንጂ ከጀርባው የግል ጥቅምም ነበረበት። የቨርጂኒያ ባለጸጎች ያቋቋሙት ኦሃዮ ኩባንያ በዚያ ሸለቆ 200,000 ኤከር መሬት ተፈቅዶለታል። ከባለድርሻዎቹ መካከል ዲንዊዲ ራሱና በ1752 የሞተው የዋሽንግተን ታላቅ ወንድም ሎውረንስ ይገኙበታል። ፈረንሳዮች በበኩላቸው ካናዳን ከሉዊዚያና ጋር ለማገናኘት ወንዙን ይፈልጉታል። ሸለቆው ግን ባዶ መሬት አልነበረም። ደላዌሮች፣ ሻውኒዎችና ሚንጎዎች መንደር ሠርተው፣ በቆሎ ዘርተው፣ አደን እያደኑ ይኖሩበታል። ቀጥሎ የሚተረከው የሠላሳ ዓመት ታሪክ የዚህ መሬት ታሪክ ነው። ዛሬ ምሽጎቹንና የጦር ሜዳዎቹን የሚጎበኝ ሰውም በየደረሰበት መጠየቅ ያለበት መሬቱ የማን እንደነበረ ነው።

ዋሽንግተን በመንገድ መሪው በክሪስቶፈር ጊስት እየታገዘ በረዶና ጭቃ አቋርጦ፣ በዲሴምበር አጋማሽ ገደማ ከኢሪ ሐይቅ በስተደቡብ ካለው የፈረንሳዮች ምሽግ ከፎርት ለ በፍ ደረሰ። አዛዡ ለጋርደር ደ ሴን ፒየር በጨዋ ደንብ ተቀበለው፣ አስተናገደው፤ ከመሬቱ ግን ንቅንቅ እንደማይል በጽሑፍ መለሰለት። የመልሱ ጉዞ ለሞት የቀረበ ነበር። በመንገድ ላይ አንድ ሰው በቅርብ ርቀት ተኩሶ ሳታቸው። ጥቂት ቆይቶ የአሌጌኒን ወንዝ ግንዶች አገጣጥመው በሠሩት ታንኳ ሲያቋርጡ ዋሽንግተን በረዶ ከሚንሳፈፍበት ውኃ ውስጥ ወደቀ። ሌሊቱን በአንዲት ደሴት ላይ በእርጥብ ልብስ ሲንቀጠቀጡ አደሩ፤ የጊስት የእጅና የእግር ጣቶች በብርዱ ተጎዱ። ወንዙን ያቋረጡበት አካባቢ ዛሬ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ የተሠራው የ40ኛ ጎዳና ድልድይ ለዚህ ጉዞ መታሰቢያ የዋሽንግተን መሻገሪያ ድልድይ ይባላል።

እምቢታው በደብዳቤ ብቻ አላበቃም። በኤፕሪል 1754 ፈረንሳዮች የአሌጌኒና የሞኖንጋሂላ ወንዞች ተገናኝተው ኦሃዮን በሚፈጥሩበት ቦታ ቨርጂኒያውያን የጀመሩትን ምሽግ ነጥቀው የራሳቸውን ፎርት ዱኬይን መሥራት ጀመሩ። ዋሽንግተን አሁን ሌተና ኮሎኔል ሆኖ ጦር እየመራ ወደዚያው ይገሰግስ ነበር። ተራራውን ወጥቶ ግሬት ሜዶውስ ከተባለ ረግረጋማ መስክ ላይ ሰፈረ። ከዚያ ሳለ ከታናካሪሰን መልእክት መጣለት። ታናካሪሰን የኢሮኮይ ነገዶች ኅብረት በኦሃዮ ያስቀመጠው ተጠሪ ሲሆን እንግሊዞች "ግማሽ ንጉሥ" ይሉታል። የፈረንሳይ ወታደሮች በአቅራቢያው ገደል ሥር ተደብቀዋል የሚል ነበር መልእክቱ።

ሜይ 27 ሌሊት ዶፍ ዝናብ ይወርዳል። ዋሽንግተን ወደ 40 የሚጠጉ ወታደሮች አስከትሎ በድቅድቅ ጨለማ ጫካውን ዘልቆ ሄደ፤ ሰባቱ መንገድ ስተው ቀሩ። ሊነጋጋ ሲል ታናካሪሰንና ተዋጊዎቹ ካሉበት ደረሰ፤ ተያይዘውም ወደ ገደሉ ተጠጉ። ፈረንሳዮቹ ገና ከእንቅልፋቸው እየተነሱ ነበር። መጀመሪያ የተኮሰው ማን እንደሆነ ሁለቱ ወገኖች እስከ መጨረሻው አልተስማሙበትም። ተኩሱ ከሩብ ሰዓት አልበለጠም። አሥር ያህል ፈረንሳዮች ሲሞቱ 21 ተማረኩ፤ ከቨርጂኒያውያን የሞተው አንድ ነው። ከሟቾቹ መካከል የፈረንሳዮቹ አለቃ ጆሴፍ ኩሎን ደ ጁሞንቪል ይገኝበታል። ፈረንሳዮች ሰውየው መልእክተኛ ነበር፣ ደብዳቤ ይዞ ነበር አሉ፤ ዋሽንግተን ደግሞ ሰላይ ነው አለ። ከዓይን ምስክሮች አንዳንዶቹ ቆስሎ ወድቆ ሳለ ታናካሪሰን በመጥረቢያ እንደጨረሰው ተናግረዋል።

ስፍራው ዛሬ ጁሞንቪል ግሌን ይባላል። ከመኪና ማቆሚያው የሚነሳ አጭር የእግር መንገድ በጫካው መካከል ይወስድና ዋሽንግተን ከቆመበት ዓለት አናት ላይ ያደርሳል። ከላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ነገሩ ወዲያው ይገለጥለታል። ከዓለቱ ሥር ያሉት ሰዎች መውጫ አልነበራቸውም። ስፍራዋ ጠባብ ናት፤ በጥቂት ደቂቃ ተዞራ ታልቃለች። ከዚህች ጉድጓድ የተነሳው እሳት ነው በአውሮፓ የሰባት ዓመት ጦርነት ተብሎ እስከ ሕንድና እስከ ካሪቢያን ደሴቶች የተዛመተው።

ዋሽንግተን የበቀል ጦር እንደሚመጣበት አውቋል። በግሬት ሜዶውስ መካከል በችኮላ አጥር አጠረና ፎርት ኔሰሲቲ አለው። ታናካሪሰን ምሽጉን አይቶ ናቀው፤ ወጣቱ መኮንን ምክር አይሰማም፣ ሰዎቼንም እንደ ባሪያ ሊያዝዝ ይፈልጋል ብሎ ቤተሰቡንና ተዋጊዎቹን ይዞ ሄደ። ያ ልምድ ያለው ሰው የታየው ነገር ጁላይ 3 ቀን በግልጽ ወጣ። ወደ 600 የሚሆኑ ፈረንሳዮችና ካናዳውያን ከ100 ገደማ ነባር አሜሪካውያን ጋር ደረሱ። መሪያቸው የሟቹ የጁሞንቪል ወንድም ሉዊ ኩሎን ደ ቪሊዬ ነበር። ጫካው ለአጥሩ ቅርብ ስለሆነ እነሱ ከዛፍ ጀርባ ሆነው ሲተኩሱ፣ 400 የሚሆኑት የዋሽንግተን ሰዎች በሜዳ ላይ ቀሩ። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ወረደ። የመከላከያ ቦዮቹ ውኃ ሞሉ፤ ባሩዱ ራሰ፤ ጠመንጃው አልተኩስ አለ። ሲመሽ 30 ሰዎች ሞተው 70 ቆስለዋል። እኩለ ሌሊት ገደማ ዋሽንግተን በፈረንሳይኛ የተጻፈ የእጅ መስጫ ውል ላይ ፈረመ፤ ቋንቋውን አያውቀውም። ውሉ ጁሞንቪል በግፍ መገደሉን እንደ አመነ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ፈረንሳይም ይህን ፊርማ በአውሮፓ አደባባይ ለክስ ተጠቀመችበት። በማግስቱ ጁላይ 4 ተሸናፊዎቹ ቁስለኞቻቸውን ተሸክመው ሜዳውን ለቀቁ። ዋሽንግተን በሕይወቱ ለጠላት እጁን የሰጠው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ድል አድራጊዎቹ ምሽጉን አቃጥለውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቅርጹ ምን እንደነበር የሚያከራክር ጉዳይ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዓመት ቦታውን የለኩ ሰዎች ከመሬቱ ከፍ ብሎ የሚታየውን የአፈር ግድብ ተከትለው አንዱ ሦስት ማዕዘን ነው ሲል ሌላው አራት ማዕዘን ነው አለ። በ1932 የዋሽንግተን 200ኛ ዓመት ልደት ሲከበር አራት ማዕዘን ምሽግ ተሠራ። ሃያ ዓመት ቆይቶ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ጄ. ሲ. ሃሪንግተን በ1952 እና በ1953 ሲቆፍር ከመሬቱ ሥር በክብ የተተከሉ የአጥር እንጨቶች ግርጌ አገኘ። ረግረጉ እንጨቱን ከመበስበስ ጠብቆታል። ከውጊያው ተርፎ ምስክርነት የሰጠ ወታደርም በጊዜው ምሽጉን ክብ ብሎ ገልጾት ነበር። ለካ የቀድሞዎቹ ሰዎች ሲለኩት የኖሩት የውጪውን የመከላከያ ቦይ ነው። በ1954 ሁለት መቶኛው ዓመት ሲደርስ ምሽጉ በትክክለኛ ቅርጹ እንደገና ቆመ።

ለዚህ ነው ፎርት ኔሰሲቲን የጎበኘ ሰው መጀመሪያ የሚገረመው። ግንብ የጠበቀ ሰው የሚያገኘው የተሰነጠቀ የኦክ እንጨት በክብ ተተክሎ ነው፤ ወርዱ 16 ሜትር ገደማ ብቻ፣ የከብት በረት ይመስላል። መካከሉ ላይ ባሩድና ምግብ የሚቀመጥባት አንዲት ጎጆ አለች። 400 ሰው በውስጡ ሊገባ እንደማይችል ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ከውጪ በቦዮቹ ውስጥ ዝናብና ጥይት ሲወርድባቸው የዋሉት በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፍ ብዙ ገጽ ወስዶ የሚያስረዳውን ሽንፈት እዚህ ቆሞ ዙሪያውን ያየ ሰው በአንድ አፍታ ይረዳዋል።

የሽንፈቱ ወሬ ለንደን ደረሰ። በ1755 ጄኔራል ኤድዋርድ ብራዶክ ከሁለት የእንግሊዝ ሬጅመንቶች ጋር ቨርጂኒያ ገባና አሌክሳንድሪያ ላይ ሰፈረ። አሌክሳንድሪያ ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት፣ አማርኛም በትምህርት ቤቶቿ በብዛት ከሚነገሩ ቋንቋዎች አንዱ የሆነባት ከተማ ናት። በአሮጌው ከተማ በኖርዝ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው የድንጋይ ቤት፣ የነጋዴው የጆን ካርላይል መኖሪያ፣ በዚያ ኤፕሪል የአምስት ቅኝ ግዛቶች አገረ ገዥዎች ከብራዶክ ጋር የመከሩበት ነው። ስለ ዘመቻው ዕቅድና ስለ ገንዘቡ ተነጋገሩ። ለጦርነቱ ቅኝ ግዛቶቹ በጋራ እንዲከፍሉ ማስገደድ የሚል ሐሳብም ተነሳ፤ ይህ ሐሳብ ከአሥር ዓመት በኋላ በቴምብር ግብር መልክ ተመልሶ መጥቷል። ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው። ስለ አገረ ገዥዎቹ ብቻ ሳይሆን ካርላይል በባርነት ይዟቸው ስለነበሩት ሰዎችም ለጎብኚዎች ይነገራል።

ብራዶክ ከሜሪላንዱ ፎርት ከምበርላንድ ተነስቶ ተራራውን በመጥረቢያ እያስመነጠረ 12 ጫማ ስፋት ያለው መንገድ አስጠረገ። ጋሪዎቹን በማሰባሰብ የረዳው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ከጋሪ ነጂዎቹ አንዱ ኋላ በኬንታኪ ስሙ የገነነው የ20 ዓመቱ ዳንኤል ቡን ነበር። ብራዶክ ያጣው ግን አገሩን የሚያውቁ አጋሮችን ነው። የደላዌሮቹ አለቃ ሽንጋስ፣ በኋላ ለአንድ ምርኮኛ እንደተረከው፣ ወደ ብራዶክ ቀርቦ ፈረንሳዮችን ብናባርር መሬቱ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀው። ብራዶክ መሬቱን የሚወርሱት እንግሊዞች ብቻ እንደሆኑ መለሰለት። ሽንጋስ በዚያው ተነስቶ ሄደ፤ ብዙዎቹ ተዋጊዎቹ ኋላ ከፈረንሳዮች ጎን ተሰለፉ። ከብራዶክ ጋር እስከ መጨረሻው የቀሩት ነባር አሜሪካውያን ስምንት ብቻ ነበሩ። በዚህ ዘመቻ ላይ ከተጻፉት ማብራሪያዎች ሁሉ ይህቺ አጭር ንግግር ትበልጣለች።

ጁላይ 9 ቀን ከ1,300 በላይ የሆነው ቀዳሚው ጦር ሞኖንጋሂላን ተሻግሮ ፎርት ዱኬይን ሊደርስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ከጠላት ጋር ግንባር ለግንባር ተገናኘ። የፈረንሳዮቹ መሪ ዳንኤል ደ ቦዡ በመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ወደቀ። ከ600 በላይ የሆኑት ነባር ተዋጊዎች ግን በጫካው ውስጥ ግራና ቀኝ ተዘርግተው በጠባቡ መንገድ ላይ የተጨናነቀውን ቀይ ለባሽ ጦር ለሦስት ሰዓት ያህል ፈጁት። ከእንግሊዝ ወገን 900 ገደማ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። የብራዶክ ረዳት የነበረው ዋሽንግተን ሁለት ፈረሶች ከሥሩ ተገደሉበት፤ ኮቱን አራት ጥይት በሳው፤ እሱን ግን አልነካውም። ብራዶክ ቆስሎ በሽሽት ላይ ከአራት ቀን በኋላ ሞተ። መቃብሩን ጠላት እንዳያገኘው ከመንገዱ መካከል ቀብረውት ወታደሩና ጋሪው በላዩ አለፈበት።

የጦር ሜዳው ዛሬ ብራዶክ የተባለች ከተማ ነው። አንድሩ ካርኔጊ በ1875 ሥራ ያስጀመረው የብረት ፋብሪካም እዚያው ይገኛል። ጫካው የለም፤ ታሪኩን የሚናገር አንድ አነስተኛ ሙዚየም አለ። መቃብሩ ግን ከፎርት ኔሰሲቲ በስተምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በአውራ ጎዳና 40 ዳር ነው። በ1804 መንገድ ሲጠግኑ የነበሩ ሠራተኞች የብራዶክ ነው ተብሎ የታመነውን አጽም አገኙ፤ ከፍ ካለ ስፍራ አሳረፉት፤ በ1913 ሐውልት ቆመለት። ከሐውልቱ ሥር የብራዶክ መንገድ ቅሪት በዛፎቹ መካከል እንደ ደረቅ ቦይ ጎድጉዶ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት የድንበሩ ነዋሪ በእሳትና በደም ኖረ። በ1758 ጄኔራል ጆን ፎርብስ 6,000 የሚሆን ጦር ይዞ በሌላ አቅጣጫ፣ በፔንሲልቬንያ በኩል፣ አዲስ መንገድ ጠረገ። ዋሽንግተን አሮጌው የብራዶክ መንገድ ይሻላል ብሎ አጥብቆ ተከራከረ፤ በአሮጌው መንገድ ተጠቃሚዋ ቨርጂኒያ መሆኗን ፎርብስ አላጣውም። ፎርብስ በጠና ታሞ በፈረሶች መካከል በታሰረ ቃሬዛ እየተጓዘ ነበር የሚመራው። ኖቬምበር 12 ምሽት በፎርት ሊጎኒር አቅራቢያ ሁለት የቨርጂኒያ ጓዶች በድንግዝግዝ ተሳስተው እርስ በርስ ተታኮሱ። ዋሽንግተን በመካከላቸው ገብቶ የጠመንጃ አፈሙዞችን በሰይፉ ወደ ላይ እየመታ እንዳስቆማቸው ከብዙ ዓመት በኋላ በእጁ ጽፏል። ይህ ጽሑፍ አሁን በፎርት ሊጎኒር ሙዚየም ይገኛል። ምሽጉም በቀድሞ ቦታው ላይ ታድሶ ቆሟል፤ በዚህ መስመር ካሉት ሁሉ የ18ኛውን መቶ ዓመት የጦር ሰፈር ኑሮ በሚገባ የሚያሳየው እሱ ነው።

ፎርት ዱኬይንን የጣለው ግን መድፍ ብቻ አይደለም። በኦክቶበር 1758 በኢስተን በተደረገው ጉባኤ እንግሊዞች ከተራራው ማዶ እንደማይሰፍሩ ቃል ገቡ፤ የሞራቪያ ሚስዮናዊው ክርስቲያን ፍሬደሪክ ፖስት የሰላሙን መልእክት ወደ ኦሃዮ መንደሮች አደረሰ። ነባሮቹ ሕዝቦች ከፈረንሳዮች ተለዩ። ፈረንሳዮች ብቻቸውን ሲቀሩ ኖቬምበር 24 ምሽጉን ራሳቸው አቃጥለው ሄዱ፤ ፎርብስ በማግስቱ ገብቶ ቦታውን ፒትስበርግ ብሎ ሰየመው።

ቃሉ አልተጠበቀም። እንግሊዞች በዚያው ስፍራ ከቀድሞው እጅግ የሚበልጥ ምሽግ፣ ፎርት ፒትን፣ ገነቡ። በፌብሩዋሪ 1763 ፓሪስ ላይ ውል ሲፈረም ፈረንሳይ ከሚሲሲፒ በስተምሥራቅ ያለውን ግዛቷን ለእንግሊዝ አስረከበች። መሬቱ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ግን ወደ ጠረጴዛው አልተጠሩም። በዚያው ዓመት የኦታዋው አለቃ ፖንቲያክ ካስነሳው ጦርነት ጋር ፎርት ፒት ተከበበ። ጁን 24 ቀን ከምሽጉ ሰዎች ለድርድር ለመጡ የደላዌር መልእክተኞች ከፈንጣጣ ሕሙማን ማቆያ የወጡ ሁለት ብርድ ልብሶችና አንድ መሐረብ ተሰጣቸው፤ በምሽጉ የነበረው ነጋዴ ዊልያም ትሬንት ይህን በዕለት ማስታወሻው መዝግቦታል። ኦገስት 5 እና 6 ቀን ምሽጉን ነጻ ለማውጣት የመጣው ኮሎኔል ሄንሪ ቡኬ ቡሺ ረን ላይ ተከቦ፣ ቁስለኞቹን በዱቄት ጆንያ አጥር ከልሎ ተዋጋ፤ በሁለተኛው ቀን የሸሸ መስሎ ተዋጊዎቹን ስቦ አሸነፈ። የጦር ሜዳው ዛሬ ጸጥ ያለ ፓርክ ነው።

በፒትስበርግ ወንዞቹ በሚገናኙበት መናፈሻ ውስጥ ቡኬ በ1764 ያሠራው የጡብ ጥበቃ ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የከተማዋ ጥንታዊ ሕንፃ እሱ ነው። ጠመንጃ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች የተፈለፈሉባቸው አግዳሚ ግንዶች በግድግዳው ላይ ይታያሉ። በአጠገቡ ያለው የፎርት ፒት ሙዚየም የትሬንትን ማስታወሻ ታሪክ አልሸፋፈነውም፤ ሊመሰገን ይገባዋል።

በኦክቶበር 1763 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ከአፓላቺያ ተራሮች በስተምዕራብ ማንም እንዳይሰፍር አወጀ። ዋሽንግተን በ1767 ለወዳጁ ለመሬት ቀያሹ ዊልያም ክሮፈርድ በጻፈው ደብዳቤ አዋጁን ጊዜያዊ ማስታገሻ ብቻ አድርጎ እንደሚያየው ገለጸለት፤ አደን የሚያድን መስሎ ጥሩ ጥሩ መሬት እንዲያስስለትም አዘዘው። በ1770 ገደማ ዋሽንግተን የተሸነፈበትን ሜዳ፣ ግሬት ሜዶውስን፣ ገዛው፤ 95 ሄክታር የሚጠጋውን ይህን መሬት እስከ ሞተበት እስከ 1799 ድረስ አልሸጠውም።

የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሊያበቃ ሲል በ1782 ነገሩ ሁሉ አንዲት የኦሃዮ መንደር ላይ ደረሰ። ናደንኸተን በሞራቪያ ሚስዮናውያን እጅ የተጠመቁ ደላዌሮች መንደር ነበረች። ነዋሪዎቹ በእንግሊዝ ወገን ተዋጊዎች ተገደው ወደ ሰሜን ተወስደው ነበር፤ ሲርባቸው ማሳ ላይ የቀረ በቆሏቸውን ሊሰበስቡ ተመለሱ። የፔንሲልቬንያ ሚሊሻዎች ደርሰው ያዟቸው። በድንበሩ ላይ ለተፈጸሙ ግድያዎች በበቀል ይገደሉ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ፤ የተቃወሙት ጥቂቶች ነበሩ። እስረኞቹ ሌሊቱን በጸሎትና በመዝሙር አደሩ። ማርች 8 ቀን 96 ሰዎች ተገደሉ፤ ከነሱም 39ኙ ሕፃናት ናቸው። ሁለት ልጆች አምልጠው ታሪኩን ተናገሩ። በጁን ወር ሌላ ዘመቻ የመራው ያ የዋሽንግተን ቀያሽ ዊልያም ክሮፈርድ ተማረከ፤ በናደንኸተኑ ግድያ አልነበረበትም፤ ሆኖም ለዚያ ደም ቅጣት ተብሎ በእሳት ተቃጥሎ ሞተ።

ይህን መስመር ለመጎብኘት የሚነሳ ሰው ከካርላይል ቤት ጀምሮ ወደ ፎርት ኔሰሲቲ ከሦስት ሰዓት በላይ ቢነዳ፣ ከዚያ ወደ ፒትስበርግ ቢያልፍ፣ አብዛኛውን በሁለት ቀን ሊያየው ይችላል። ብዙ ጎብኚዎች ከፒትስበርግ ይመለሳሉ። ናደንኸተን ከዚያ ሁለት ሰዓት ገደማ ትርቃለች፤ ሟቾቹ የተቀበሩበት ጉብታና በ1872 የቆመው ሐውልት እዚያ አሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ አንባቢዎች እባካችሁ እስከዚያ ዝለቁ፤ የዋሽንግተንን ኮት የበሱትን ጥይቶች የሰሙ ልጆች በቆሎ ሊሰበስቡ ተመልሰው ስለቀሩትም ሰዎች ይስሙ።